የፊልም አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ፤ ሕይወታቸውና ሥራቸው ለእኛ ምን ያስተምራል?

መነሻ

በወረታ ገበያ የዋለ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር በፓምፕ ውሃ የለማው ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ተሞልቶ መንገድ ዳር ይደረደራል። ባለቤቱ ገበሬ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዋጋውን የሚናገረው ግን ገበሬው ሳይሆን ደላላው ነው። ገበሬው አርሷል፤ ችግኝ አፍልቷል፤ ለነዳጅ ተበድሯል፤ ሌሊት ተነሥቶ ውሃ መርቷል። ይሁን እንጂ ሽንኩርት ውሎ ሲያድር የሚበላሽ ስለ ሆነና መኪናም የደላላው ወዳጅ ስለ ሆነ፥ የተሰጠውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም የፎገራ ልጅ እንደ መሆኔ ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ከሲኒማ ጋር አንዳች ግንኙነት ይኖረዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ግንኙነት እንዳለው ያስተማረኝ የፊልም አዘጋጁ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሕይወት ታሪክ ነው። እኚህ ሰው የጎንደር ተወላጅ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ፊልም ሲሠሩ ኖረዋል። በውጭው ዓለም የሲኒማ ትምህርት በሚሰጥባቸው ዩኒቨርስቲዎች ስማቸው የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ስማቸውን ከምናውቀው ሥራቸውን ያየነው እጅግ ጥቂቶች ነን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው። የምናገረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ፕሮፌሰር ኃይሌ ነፃ አዘጋጅ የተባሉት የተለየ ጠባይ ስላላቸው ወይም ከሰው ስለማይስማሙ አይደለም። የድካማቸውን ፍሬ እስከ ገበያው ድረስ በእጃቸው ለመያዝ ስለ ታገሉ ነው። ለዚህም ከባድ ዋጋ ከፍለዋል።

ለአንባቢ እንዲመች፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«ነፃ አዘጋጅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ፊልም እንደ መጽሐፍ አንድ ሰው በአንድ ብዕር የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። በአራት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ገንዘብ ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ይነሣል፤ ይኸውም ተዋንያን፥ የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎች ተሰብስበው የሚሠሩት ነው፤ ተነሥቶም ይቀናበራል። ሦስተኛው ደረጃ ማከፋፈል ነው፤ አከፋፋይ የሚባለው ድርጅት ፊልሙን ተረክቦ ለየከተማው ያዳርሳል። አራተኛው ማሳየት ነው፤ ይህም የሲኒማ ቤቶች ድርሻ ነው።

ተመልካች የከፈለው ገንዘብ የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ወደ ኋላ ተጕዞ ነው። ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፤ አከፋፋዩ ድርሻውንና ወጪውን ያነሣል፤ ገንዘብ ያበደረው ብድሩን ያነሣል፤ ለሠሪው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ብዙ ጊዜም የሚተርፍ የለም። ነገሩ በገንዘብ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። ገንዘብ የሰጠውና የሚያከፋፍለው ክፍል በፊልሙ ነገር ቃል አለው፤ «ይህን ትርኢት አውጣ፤ ያችን ሴት ቈንጆ አድርጋት፤ መጨረሻውን አስደስት» ይላል። እንግዲህ ደላላው ስለ ጆንያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ምን መዝራት እንዳለበትም መናገር ጀመረ ማለት ነው።

ነፃ አዘጋጅ የሚባለው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ የሚሠራ ነው። ብዙዎች ግን ነፃ የሚሆኑት እስከ ሁለተኛው ደረጃ ብቻ ነው፤ ፊልሙን እንደ ልባቸው ሠርተው ሲጨርሱ ለአከፋፋይ ያስረክቡታል። ፕሮፌሰር ኃይሌን ልዩ የሚያደርጋቸው ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ደረጃ ጭምር መግባታቸው ነው።

ልደትና አስተዳደግ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ከተማ ተወለዱ። ጣልያን ከአገራችን ከወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛና ደራሲ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚባለውን ስለ አርበኞች ተጋድሎ የሚናገር መጽሐፍ የጻፉ ናቸው። ቴያትርም ይደርሱ ነበር። ልጅየውም በአባቱ ቴያትር ውስጥ እየተጫወተ አደገ። ስለዚህ ኃይሌ ገሪማ ድርሰትን የተማሩት አሜሪካ አይደለም። ከቤታቸው ነው፤ የአባታቸውን ታሪክ፥ የሽማግሌዎችን ጨዋታና ተረት እየሰሙ።

ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ ሌላም አስተማሪ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣው ሲኒማ። ፕሮፌሰር ኃይሌ በልዩ ልዩ ቃለ መጠይቅ እንደ ተናገሩት፥ በልጅነታቸው የአሜሪካንን የከብት እረኞችና የቀይ ሕንዶች ፊልም አይተው ሲወጡ በጎንደር ተራሮች ላይ ያንኑ ይጫወቱ ነበር። ሁሉም ልጅ መሆን የሚፈልገው ድል አድራጊውን ነጭ እንጂ ተወራሪውን ሕንድ አልነበረም። የታርዛንንም ፊልም ሲያዩ አፍሪካውያን ከበስተኋላው ሲመጡበት ታርዛን እንዲጠነቀቅ እየጮሁ ያስጠነቅቁት ነበር። አንባቢዎች ሆይ፤ ነገሩን እናስተውለው። አባቱ በጫካ ወራሪ የተዋጋለት ልጅ፥ በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ ለወራሪው ይጨነቃል። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም በጅራፍ አልመታውም። ካሜራው ከታርዛን ጎን ስለ ቆመ ልጁም ከታርዛን ጎን ቆመ።

በሲኒማ ትምህርት ከዚህ የበለጠ መሠረታዊ ነገር የለም። ተመልካች የሚያዝነው ካሜራው ላዘነለት ሰው ነው። ካሜራው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ «ፊልሙ ጥሩ ነው፤ መጥፎ ነው» ማለት ጕንጭ ማልፋት ብቻ ነው። የኃይሌ ገሪማ የኋላ ሥራ ሁሉ ለዚያ ለታርዛን ለጮኸው ልጅ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአሜሪካ የቆዩበት ትምህርት

በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ጉድማን በሚባለው የቴያትር ትምህርት ቤት ገቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ የፊልም ትምህርት ተማሩ፤ በ1976 በማስተርስ ዲግሪ ተመረቁ። ዘመኑ የጥቍር አሜሪካውያን የመብት ትግል የተፋፋመበት፥ በቬትናም ጦርነት ምክንያትም ዩኒቨርስቲዎች የታወኩበት ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት የተገናኙት ጥቍር ተማሪዎች በኋላ ሊቃውንት «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። ቻርልስ በርኔት፥ ላሪ ክላርክ፥ ጁሊ ዳሽ፥ ቤን ካልድዌል ከእነዚህ መካከል ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ከሆሊውድ የሚርቀው የመንገድ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፥ እነሱ ግን የሆሊውድን አሠራር ሳይሆን ከላቲን አሜሪካ፥ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጣውን ፊልም ያጠኑ ነበር። በ1969 አርጀንቲናውያኑ ሶላናስና ጌቲኖ «ሦስተኛው ሲኒማ» በሚል ስም ያወጡት ሐሳብም በመካከላቸው ይነገር ነበር። እዚህ ላይ ሌላውን ያገራችንን ልጅ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም፤ በዚሁ ዩኒቨርስቲ ያስተማሩትና በ2010 ያረፉት ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ በ1982 ያወጡት መጽሐፍ በዓለም የታወቀ ነው።

የእነዚህ ተማሪዎች አሠራር ከደቦ ጋር ይመሳሰላል። ዛሬ የአንዱን ፊልም አዘጋጅቶ የዋለው፥ ነገ በሌላው ፊልም ካሜራ ይይዛል። ለምሳሌ ኃይሌ ገሪማ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ ካሜራ ካነሡት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበር። ፊልሙ በሎስ አንጀለስ በድኻ ሰፈር የምትኖር ዶሮቲ የምትባል ሴት ታሪክ ነው። ባልዋ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል፤ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም የያዘችውን ጽንስ እንድታስወርድ ይገፋፏታል። በፊልሙ መጀመሪያ የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ የተቀናበረ ጨዋታ አይደለም፤ ካሜራ ይዘው መንገድ ላይ የቆሙትን ጥቍሮች ፖሊስ በእርግጥ አስቁሞ ሲፈትሻቸው የተነሣ ነው። ካሜራ በጥቍር ሰው እጅ መገኘቱ ራሱ እንደ ጥፋት የሚታይበት ዘመን ነበር።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

ለእኛ ለፎገራ ልጆች ግን ከሁሉ የሚቀርበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲንገዳገድና ሲወድቅ በነበረበት ዘመን ኃይሌ ገሪማ ወደ አገራቸው መጥተው ይህን ፊልም አነሡ። በጥቍርና ነጭ፥ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሣ ነው። ለማንሣት የፈጀው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ በሙያው የሠለጠኑ ተዋንያን አልነበሩም፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ለአንድ ባለ መሬት ይገብራል። ባለ መሬቱ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ሥራቸውን እየተቈጣጠረ ይጮኻል። ከበበ የሚባል፥ ለአገሩ ዘምቶ ሲመለስ መሬቱን የተነጠቀ ሰው አለ፤ እውነቱን ስለሚናገር «ዕብድ» ይባላል። በለጠች የምትባለዋ ልጅ የባለ መሬቱን ከብቶች ትጠብቃለች። ወንዙ በሞላ ጊዜ ከብት አድናለሁ ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። በአንድ የሕልም ትርኢት ደግሞ ሰዎች እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲያርሱ ይታያል።

የበለጠችን ሞት ሳይ በርብና በጉማራ ዳር ያደግሁ በመሆኔ ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። በክረምት፥ በተለይም በነሐሴ፥ ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ከጣና ጋር ሲገናኙ ሜዳው ባሕር ይሆናል። በእኛ አገር እረኛ ልጅ ከብት ተከትሎ ውሃ መግባቱ የፊልም ድርሰት አይደለም። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናትና፥ አንዲት ላም ከጠፋች ቤተ ሰቡ ምን እንደሚሆን ልጁ ያውቃል። የፊልሙ መራራነት ግን ከዚህ ያልፋል፤ በለጠች የሞተችው ለራስዋ ላም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን በበጌምድር የነበረው አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር፤ እንደ ፊልሙ ያለ ጢሰኝነት የበረታው በደቡብ ኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የፎገራን የመሬት ሥርዓት እንዳለ ያሳያል ብሎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ርስተኛውም ቢሆን ከግብር፥ ከአሥራትና ከጉልተኛ ጫና ነፃ አልነበረም። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ወዲህ አሥር ዓመት ያህል ነገሩ በመፈክር ሲነገር ቆየ። ኃይሌ ገሪማ በፊልም የሠሩት ያንኑ ነው፤ ነገር ግን መፈክር አላስጮኹም። ካሜራውን ከገበሬው ጎን አቁመው፥ አንድ ሰው ሞፈሩን ተሸክሞ ዳገት እስኪወጣ ድረስ እንድንጠብቅ አደረጉን። ፊልሙ በተነሣ ማግሥት፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ፊልሙም ሥርዓቱ ከመፍረሱ በፊት በመጨረሻዋ ሰዓት የተነሣ ምስክር ሆኖ ቀረ።

በ1976 በስዊስ አገር በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸለመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም፥ በ2006፥ በታወቀው አዘጋጅ በማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም መጠበቂያ ድርጅት አማካይነት ታድሶ በካን በዓል እንደ ገና ታየ።

ከገበያው ጋር የተደረገ ትግል

ፕሮፌሰር ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በዋሺንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲኒማ አስተምረዋል። ደመወዛቸው ከማስተማር ስለ ነበረ ለማንም አከፋፋይ ሲሉ ፊልማቸውን መለወጥ አላስፈለጋቸውም። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ነፃነታቸው የቆመበት ምሰሶ ነው። «የዊልሚንግተን አሥሩ» የተባለውን ስለ ታሰሩ ጥቍር አሜሪካውያን የሚናገረውን ዘጋቢ ፊልም፥ በ1982ም ከቬትናም ስለ ተመለሰ ወታደር የሚናገረውን «አመድና ፍም» የተባለውን ፊልም የሠሩት በዚሁ ሁኔታ ነው። በዚሁ ዘመን ማይፌዱህ የሚባል የራሳቸውን የማከፋፈያ ድርጅት አቋቋሙ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1993 «ሳንኮፋ» ባለቀ ጊዜ ነው። ሳንኮፋ በጋና አካኖች ቋንቋ «ተመልሰህ ያለፈውን አንሣ» እንደ ማለት ነው። ሞና የምትባል ጥቍር አሜሪካዊት የልብስ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ለመነሣት በጋና ጠረፍ ወደሚገኝ ጥንት ባሪያ ይታጐርበት ወደ ነበረ ግንብ ትሄዳለች። በዚያም በመንፈስ ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ፥ በሸንኮራ እርሻ ላይ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና ትነቃለች። የአዘጋጁ ባለቤት ሺሪኪያና አይና፥ ራሳቸውም የፊልም ሠሪ የሆኑት፥ የሥራው ተካፋይ ነበሩ። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ።

ፊልሙ በበርሊን በዓል ለውድድር ቀረበ። በአሜሪካ ግን የሚያከፋፍለው ጠፋ። ባሮች የሚያምፁበት፥ በባሪያው ዐይን የሚታይ ፊልም ገበያ የለውም ተባለ። እንግዲህ ደላላው «አልገዛም» ብሏል፤ ሽንኩርቱም መንገድ ዳር ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? ራሳቸው በዋሺንግተን ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወሬውን በሰው አፍ፥ በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበራት አማካይነት አዳረሱ። ሕዝቡም ሰልፍ ይዞ ገባ፤ ፊልሙ በዚያ ከተማ ለ11 ሳምንት ታየ። የሌላ ከተማ ሰዎችም «ወደ እኛም አምጡት» እያሉ ገንዘብ አዋጥተው አዳራሽ እየተከራዩ፥ እንዲህ እያለ ከ30 በላይ ከተሞች አዳረሰ። ከፊልሙ ስም በወጣው «ሳንኮፋ» በተባለ መጠሪያም ከሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ፊት ለፊት የመጽሐፍና የፊልም መሸጫ፥ ቡና መጠጫም ያለበት ቤት ከፈቱ።

ከዚህ የምንማረው፥ ገበያ የለም የተባለው ገበያ እንደ ነበረ ነው። ያልነበረው ወደ ገበያው የሚያደርስ መንገድ ነበር። መንገዱን የያዙት ሰዎች ደግሞ «ሰው አይፈልገውም» ሲሉ «እኛ አንፈልገውም» ማለታቸው ነበር።

በሌላ አገር የደረሰ ተመሳሳይ ዕጣ

ይህ ዕጣ የኢትዮጵያዊው ብቻ እንዳይመስለን የቱርኩን አዘጋጅ የይልማዝ ጉኔይን ታሪክ እናስተያይ። እሱም በ1937 በደቡብ ቱርክ በአዳና አካባቢ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። መጀመሪያ የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ በኋላ ራሱ አዘጋጅ ሆነ። በ1970 «ተስፋ» በሚል ስም ያወጣው ፊልም ስለ አንድ ድኻ ጋሪ ነጂ ነው። ወረታን ያወቀ ሰው የጋሪ ነጂ ኑሮ ምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። ጉኔይ ብዙ ዘመኑን በእስር ቤት አሳለፈ። «መንገድ» የተባለውን የታላቅ ሥራውን ድርሰት በእስር ቤት ጻፈ፤ በቦታው ሆኖ ያነሣለት ባልደረባው ሸሪፍ ጎረን ነበር። በ1981 ከእስር አምልጦ ወደ አውሮፓ ሄደና ቅንብሩን በዚያ ጨረሰ፤ በ1982ም በካን ከፍተኛውን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተካፈለ። በ1984 በፓሪስ ሞተ።

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የጉኔይን መንገድ የዘጋው የመንግሥት እስር ቤት ነው፤ የኃይሌን መንገድ የዘጋው የነጋዴ ሒሳብ ነው። ሆኖም ሁለቱም ካሜራውን ከድኻው ጎን አቆሙ፤ ሁለቱም ስለ አገራቸው የሠሩትን ከአገራቸው ርቀው ለመጨረስ ተገደዱ።

«ጤዛ»

የተማረ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባው ፊልም «ጤዛ» ነው፤ በ2008 የወጣ። አንበርብር የሚባል ሕክምና የተማረ ሰው በ1990 ጣና ዳር ወደሚገኘው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል። እናቱ ልጅዋ ሐኪም ሆኖ፥ ሰው ሆኖ ይመጣል ብላ የጠበቀች ናት፤ የመጣላት ግን ሌሊት በቅዠት የሚጮኽ ሰው ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይገልጠዋል፤ በጀርመን የተማሪዎች ክርክር፥ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የጓደኛው መገደል፥ እንደ ገና በጀርመን የዘረኞች ጥቃት። በመንደሩም ሰላም የለም፤ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተሸሽገዋል። በመጨረሻ አንበርብር የሚያገኘው መድኃኒት ትልቅ ሹመት አይደለም፤ የመንደሩን ልጆች ማስተማር ነው።

መንደሩ ያለበት ሐይቅ የእኛው ሐይቅ ነው። ፎገራ በዚሁ በጣና ምሥራቃዊ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ፊልሙን ሳይ የወጣውን ጭጋግና የታንኳውን ቀዘፋ አውቀዋለሁ። ከዚያ ይልቅ ያወቅሁት ግን የእናቲቱን ዐይን ነው። ከመካከላችን ከገጠር መጥቶ እዚህ የሚማር ሁሉ፥ «ምን ሆነህ ትመለሳለህ?» የሚል ዐይን ከኋላው አለ።

«ጤዛ» በ2008 በቬኒስ በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የድርሰት ሽልማትን፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ከሽልማቱ ይልቅ አንድ ቍጥር ልብ ይሏል። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» 15 ዓመት ነው። በመካከሉ በ1999 የወጣውን «ዐድዋ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም የመሰሉ ሥራዎች አሉ፤ ነገር ግን ታሪክ ፈጥረው የሠሩት ሙሉ ፊልም የለም። ነፃነት ዋጋ አለው ያልሁት ይህን ነው። የሚከፈለውም በዘመን ነው። ለአከፋፋይ ያደረ አዘጋጅ በዚያን ያህል ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ፊልም ሊሠራ ይችል ነበር።

ነቀፌታና ሚዛን

ሰውን ማመስገን ብቻ ጥናት አይባልም። ስለዚህ ሁለት ነቀፌታ ላንሣ።

አንደኛው፥ ፊልሞቻቸው ለተመልካች ይከብዳሉ ይባላል። እውነት ነው፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያዘግማል፤ «ጤዛ»ም ዘመንን ከዘመን ያደባልቃል። ለዚህ መልስ አለኝ። እርሻን በሩጫ የሚያሳይ ፊልም ስለ እርሻ አይናገርም። አንበርብርም ያለፈውን በተርታ የማያስታውስ የቈሰለ ሰው ነውና ታሪኩ በተርታ ሊነገር አይችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለእሱም የተዘጋጀ መልስ የለኝም። ስለ ገበሬ የተሠራው ፊልም በካንና በሎካርኖ ሲታይ፥ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያጭደው ገበሬ አላየውም። ዛሬ የሜዳው ገበሬ ኑሮ ተለውጧል። ጎርፍ ይተኛበት የነበረው መሬት ከደርግ ዘመን ወዲህ ሩዝ ያበቅላል፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ነገር ግን ስለራሱ የተሠራ ምስል አይቶ «ይህ እኔ ነኝ» ወይም «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ለመፍረድ ዕድል አላገኘም። የምስሉ መንገድ ከጎንደር ወደ አሜሪካ፥ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ሄደና በዚያው ቀረ። ይህ የአዘጋጁ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም። የሳንኮፋን መንገድ የጠረጉት የዋሺንግተን ሰዎች ነበሩ፤ የወረታን መንገድ መጥረግ ያለበት የወረታ ሰው ነው።

መደምደሚያ፤ ስለ ራሳችን

አሁን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። «ጤዛ»ን ያየሁት በተማሪዎች መኝታ ቤት፥ ስድስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን ነው። ፊልሙ ከአንዱ ፍላሽ ወደ አንዱ እየተቀዳ የመጣ ነበር። ማናችንም አንድ ብር አልከፈልንም። ሲያልቅ ለብዙ ጊዜ ዝም አልን፤ ከዚያም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስለ ድኻ መበደልና ስለ ፍትሕ ስንከራከር አመሸን። የድካሙን ዋጋ ሳንሰጥ ምርቱን ወስደን የበላነው እኛው ራሳችን መሆናችን ግን ለአንዳችንም አልታየንም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የኚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ነው ፊቴ የቀላው። ደላላው ቢያንስ ለሽንኩርቱ ግማሽ ዋጋ ይሰጣል።

«ምን እናድርግ? እዚህ የሚሸጥበት ቦታ የለም» የሚል ይኖራል። እኔም ለራሴ ያቀረብሁት ማመኻኛ ይኸው ነበር። ግን ይህ «ገበያ የለም» ካሉት አከፋፋዮች ቃል በምን ይለያል? ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ ከፊልሞቹ ባለቤቶች ጋር በደብዳቤ ተገናኝተን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለማሳየት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ዋጋም ካለው እያንዳንዳችን የአንድ ምሳ ገንዘብ እናዋጣ። ሁለተኛ፥ ፈቃዱ ሲገኝ መጀመሪያ በዩኒቨርስቲያችን አዳራሽ፥ ከዚያም በክረምት ዕረፍት ወረታ ላይ፥ ነጭ አንሶላ ሰቅለን፥ ፕሮጀክተር ተከራይተን ለገበሬው እናሳይ። ሦስተኛ፥ ፊልሙ ሲያልቅ እኛ ንግግር አናድርግ። ቁጭ ብለን የሚሉትን እንስማ፤ የሚሉትንም ጽፈን በዚሁ መጽሔት እናውጣ።

ገበሬው ፊልሙን ላይወደው ይችላል። «የእኛ ወንዝ እንዲህ አይደለም የሚሞላው» ይል ይሆናል፤ «ያቺን ልጅ ማን ብቻዋን ላካት?» ብሎ ይቈጣም ይሆናል። እሱ ከማንኛውም በዓል ሽልማት የሚበልጥ ፍርድ ይመስለኛል። ታርዛንን ሲያይ ለታርዛን የጮኸው የጎንደር ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው፥ አንድ ቀን አንድ እረኛ ልጅ በሸራ ላይ በለጠችን አይቶ «ተመለሽ! ውሃው ሞልቷል!» ብሎ እንዲጮኽ ነውና።